ለአባቴ ያስተረጎምኩ ዕለት

ያኔ ሱሉልታ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴን ወገቡን ካመመው ሰንብቷል፤ ሽንቱን ሊሸና ወደ ጓሮ ከዞረም ቶሎ አይመለስም። "ብርድ ነው" ይላል። የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅ ደግሞ አይከራከረውም። ሽንቱ ውስጥ ደም ማየቱን ለእናቴ በነገራት ማግስት ግን አውቶቡስ ተሳፍረን በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ወረድን።

ሐኪሙ የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። አባቴ ከኦሮምኛ በቀር አይናገርም። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ በዚያ ቀን ስላልነበረ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

"ሽንታቸውን ያቆራርጣቸዋል? ጠይቂያቸው።"

ፊቴ ጋለ። ወደ ግድግዳው ዞሬ በኦሮምኛ ጠየቅሁት። አባቴም፣ "አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ እሱን ያቆራርጠዋል" አለ።

"ያ ሰው ሌሊት ለሽንት ከእንቅልፉም ይነሣል?" አለ ሐኪሙ፣ ስተረጉምለት።

"ዶሮ እስኪጮኽ አራት ጊዜ።"

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ስለዚያ ሰው ተጨዋወትን።

ሲመረምረው ውጭ ቆየሁ። አባቴ ሲወጣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ሐኪሙ በመቀመጫው በኩል በጣቱ ሲዳስሰው ከፊኛው ሥር ያለውን፣ ፕሮስቴት የሚባለውን ዕጢ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ እንዳገኘው ነገረኝ። ራጅ አነሡት፤ ከዕጢውም በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ወስደው ለምርመራ ላኩ።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱን ልንሰማ ተመለስን።

"የፕሮስቴት ነቀርሳ ነው፤ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል" አለኝ ሐኪሙ።

አባቴ ፊቴን አይቶ፣ "ስለ እኔ ነው የተናገረው። ንገሪኝ" አለ። ነገርኩት።

"ይድናል ወይ በይው።"

ሐኪሙ እንደማይድን፣ ሕመሙን ግን በኪኒን ማስታገሥ እንደሚቻል መለሰ። ያንንም ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። "ገለቶሚ፣ ልጄ" አለኝ። ከዚያ በፊት አመስግኖኝ አያውቅም።

ሁለት ዓመት ያህል በየወሩ ኪኒን ልንቀበል አብረን ወረድን። ዘጠኝ ልጆች ነበርንና አባቴን ለብቻዬ ያገኘሁት በዚያ አውቶቡስ ላይ ነው። ስንመለስ መስኮቱን በእጁ ይጠርግና ክረምት ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ፣ በወጣትነቱ ፈረስ የጋለበበትን፣ እናቴን መጀመሪያ ያየበትን ገበያ ያሳየኛል። ለእናቴ እንኳ ነግሯት የማያውቀውን ነገረኝ። ያ ጉዞ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

በሁለተኛው ዓመት ሣር አጨዳ ሲጀመር አልጋ ላይ ዋለ። ከገና በፊት፣ እናቴና እኔ አጠገቡ ተቀምጠን ሳለ፣ ዐረፈ።