አብሮ የሚጠፋው መብራት

መካኒኩን ጆሮ ይሉታል። ሞተር ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው እንጂ ጆሮውስ እንደማንም ሰው ጆሮ ነው። የሌላ መካኒክ ሥራ ያንገሸግሸዋል። ኮፈን በከፈተ ቁጥር አፍንጫውን ይሸበሽብና "የትኛው ለባጭ ነው እንዲህ ያጨማለቀው?" ይላል። ቤት ውስጥ ሶኬት ሲፈታ እንኳ ይላል፤ ሚስቱ "ደግሞ ጀመረህ" ትለዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ከደላላ ጋር ያረጀች ነጭ መኪና ይዛ መጣች። አባቷ ታመው በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ፤ የሰው መኪና መለመን ሰልችቷታል።

"ጋሼ፣ አንተ ደህና ናት ካልከኝ ዛሬውኑ እገዛታለሁ" አለችው።

"የሞተር መብራት እንኳ አይበራባትም። ሙሽራ ናት" አለ ደላላው።

"ሙሽራዋ ግን ታስላለች።"

እውነቱን ነው። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ በየመሀሉ ይስታል። ድብ ድብ ይልና አንዱን ይዘላል።

"ቤንዚኑ ነው" አለ ደላላው።

ጆሮ ኮፈኑን ከፈተ። ሆን ብሎ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቀለ። መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። ይሄኔ የሞተሩ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ነበረበት፤ ጭጭ አለ። ገመዱን መልሶ ሰካና ቁልፉን አጥፍቶ ከፈተ። የዘይቱና የሞተሩ መብራት አብረው በሩ፤ ሲያስነሳት አብረው ጠፉ። ሦስቴ ሞከረ፣ ሦስቴም እኩል ጠፉ።

"ከዘይቱ መብራት ጋር አስረውታል" አለ። "ዘይቱ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ሞተሩ ቢሞት እንኳ አይናገርም። ይሄን የሚሠራ ሰው እጁ አይሸተውም?"

"ተው እንጂ፣ ባለቤቱ ፍታ አላለህም" ደላላው ቢለውም ካቻቪቴውን አንስቶ ዳሽቦርዱን ፈታው። አቧራ ወጣ፣ የደረቀ በረሮ ወጣ፣ ከዚያ የተጠማዘዘው ሽቦ ወጣ። በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በላዩ ሰማያዊ ክር ሦስት ዙር ታስሮበታል።

ስድቡ አፉ ላይ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አየችው። "ይሄ የእኛ ቤት ክር አይደል እንዴ? እናቴ ትሰጥህ የነበረው። ፕላስተሩ በሙቀት እንዳይላቀቅ እያልክ።"

በወጣትነቱ ለመኪና ሻጮች ስንቱን እንዲህ እንዳሰረ ቁጥሩም ጠፍቶበታል። ሊተፋ የነበረውን ምራቅ ዋጠው።

"ለባጩ ተገኘ መሰለኝ" አለ ደላላው እየሳቀ።

ጆሮ ክሩን በጥሶ ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰና መኪናዋን አስነሳት። ትንሽ ቆይቶ ቢጫው የሞተር መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ።

"ያሰርኩት እኔ ነኝ። አትግዢያት።"

"አባባን ይዤ መንገድ ላይ ብትቆምብኝ ኖሮስ፣ ጋሼ?"

ጆሮ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ለደላላው መለሰለት። እሷ መልሱን ሳትጠብቅ በእግሯ ሄደች።

እጁን በኦሞ ሁለቴ ታጠበ። ከሰዓት ሌላ መኪና መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ የተለጣጠፈ ሽቦ አየ፣ አፍንጫው እንደ ልማዱ ተሸበሸበ።

"የትኛው..." አለና ካቻቪቴውን ፈለገ።