ያበበው የአሳየሽ እንሰት

ዳሞት ተራራ ግርጌ ካሉት ሴቶች እንሰት በመፋቅ አሳየሽን የሚያህል አልነበረም። ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ግንዱን አስጥላ፣ እየዘፈነች ስትፍቅ ድምጿ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። እንሰት ካበበ በኋላ ይሞታል፤ ሳይፋቅ ያበበበት ቤት ደግሞ «ሴት የለበትም እንዴ?» ይባላል።

ዘንድሮ የእሷም አበበ። ጉልበቷ ከድቷታል፤ የፍቂያ ጓደኞቿም ገሚሶቹ ሞተዋል፣ ገሚሶቹ ልጆቻቸው ዘንድ ሶዶ ገብተዋል። አምና ሐዋሳ ላለችው ልጇ ለባርኮት ደውላ «እንሰቱ ደርሷል፤ ነይና እንፋቅ» ብትላት «ሥራ በዝቶብኛል» ብላታለች።

ያቺው ባርኮት ለጊፋታ በዓል ካሜራ አንግታ መጣች። እህል ሳትቀምስ ወፍ ፍለጋ ተራራው ጫካ ገባች፤ ከሰዓት በኋላ በጭቃ ተለውሳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ጓሮው ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። ደረቱ ሐምራዊ፣ ጭራው ረጅም የሆነ አንድ ወፍ የእንሰቱ አበባ ላይ ተንጠልጥሎ ማሩን እየመጠጠ ይዘምራል።

«እማዬ፣ ጫካ ለጫካ ስፈልገው የዋልኩት ለካ አንቺ ጋ ነው! ታድለሽ!»

አሳየሽ ወፉን አየችው። ማማሩንስ ያምራል።

«ለከርሞም እንዳታስቆርጪው እሺ? ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ።»

አሳየሽ ከቤቱ ጀርባ የተደረደሩትን፣ ለመፋቅ የደረሱትን እንሰቶች በአገጯ አሳየቻት።

«ምን አሳሰበሽ ልጄ፤ እነዚህም ማበባቸው አይቀርም።»