የሰርግ ዘፈኖቹ የተቆለፉባት እህት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው... ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ትንሽ ገባ ብላ ካለች የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ገጽ ላሳትም ገባሁ። ከጀርባ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ስለሚጮህ የምንነጋገረው ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነበር።

የቤቷ ባለቤት ታንጉት ትባላለች። ወረታ በመጣሁ ቁጥር የማሳትመው እሷ ዘንድ ነው። ወረቀቴን ተቀብላ አስቀመጠችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«ጋሼ፣ ከወረቀትዎ በፊት ይኼን ይዩልኝ። ወንድሜ በር ዘግቶብኛል።»

ስክሪኑ ላይ የተከፈተው የሙዚቃ መተግበሪያ ነበር። ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል... አስገብታ ስትጫን አይከፍትም።

ነገሩን ነገረችኝ። ታናሽ ወንድሟ አስማረ ሐሙሲት ነው የሚኖረው፤ እናታቸው ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችው እሷ ናት። በዚህ ወር ይሞሸራል። ለሰርጉ የሚሆኑ ዘፈኖችን በአንድ አካውንት አብረው ያሰባስቡ ነበር፤ እሱ በስልኩ፣ እሷ በዚህ ኮምፒውተር። እሱ የሚያስገባው ሆይ ሆይታ የበዛበትን ነው፤ እሷ ደግሞ ማሲንቆ ትወዳለች። አንድ ቀን የእሱን ግማሹን አጠፋችው። ደውሎ «ሰርጉ የማን ነው?» አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

«በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ስከፍተው... እንቢ አለኝ። የይለፍ ቃሉን ቀይሮብኛል።»

«ጠየቅሽው?»

«ምን ብዬ? ያሳደግሁት ልጅ በዘፈን በር ሲዘጋብኝ ልለምነው? ሰርጉም አልሄድም። ለአክስቴ ነግሬያታለሁ።»

የተናገረችው ረጋ ብላ ነው። ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝም ለዚህ ነው። በእኛ አገር የሙሽራ ታላቅ እህት ከሰርግ ከቀረች፣ ከሙሽሮቹ ይልቅ የሚወራው ስለ እሷ ነው።

የይለፍ ቃሉን እኔ ጻፍኩት። እንቢ። መተግበሪያውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። እንቢ። የቤቷ ኢንተርኔት ይሆናል ብዬ በስልኬ ኢንተርኔት አገናኘሁት። ያው ነው።

ከዚያ የሚያወጣውን ጽሑፍ ቀስ ብዬ አነበብኩት። የሚለው በእንግሊዝኛ ነው። የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው አይልም። የሚለው፣ አስተማማኝ ግንኙነት መፍጠር አልቻልኩም ነው።

«ታንጉት፣ ይኼ እኮ ወንድምሽን አይከስም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚከሰው?»

አላወቅሁም። አላወቅሁም አልኳት። ገጼን አትሚልኝና እያሰብኩ ልቆይ አልኳት፤ ጽፋ አተመችልኝ።

እንደ እኔ ያለ የጋዜጣ ሰው ወረቀት ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ቀኑን ነው። ግርጌው ላይ ቀን ታትሟል፤ እኔ አልጻፍኩትም። ወሩም ዓመቱም የእኛ ነው።

«ይኼን ቀን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ራሱ ነው የሚያወጣው።»

ኮምፒውተር በራሱ የእኛን ዘመን አይቆጥርም። የስክሪኑን ጥግ አየሁ... ሰዓቱ አራት ይላል፤ ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ካለንበት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ።»

ከይፋግ አንድ ገበሬ መጥቶ ማመልከቻ ጽፋለት ነበር። ኮምፒውተሩ ግርጌው ላይ የፈረንጁን ቀን አወጣ፤ እሷ ልብ አላለችውም። ያስገባበት ቢሮ «ቀኑ ልክ አይደለም» ብሎ መለሰው። ሰውዬው ተመልሶ መጥቶ ወረቀቱን እንደያዘ ደጇ ላይ ቁጭ አለ። አፈረች። ያን ቀን ማታ ቤቷን ከመዝጋቷ በፊት የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት በእኛ አስተካከለችው። ከአስማረ ጋር በተጣሉ ማግሥት ማለት ነው።

«ሁለተኛ ወራችን ጥቅምት ሲያልቅስ? የእነሱ ሁለተኛ ወር እኮ ሠላሳ አይሞላም።»

«ያንን ስደርስበት አያለሁ።»

«ጳጉሜስ?»

«ጳጉሜን ዘግቼ እጠበላለሁ።»

ነገሩን እንዲህ አስረዳኋት። መተግበሪያው ዘፈኖቹ ካሉበት ዋና ማሽን ጋር ሲገናኝ ማሽኑ መታወቂያ ያሳየዋል። መታወቂያው የተሰጠበት ቀን አለው።

«መታወቂያው ከስምንት ዓመት በኋላ የተሰጠ ሰው በርሽን ቢያንኳኳ ታስገቢዋለሽ?»

«ፖሊስ ነው የምጠራበት።»

«ኮምፒውተርሽም ያደረገው ይኼንኑ ነው።»

ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ ፈረንጁ መለስኩት። «ስምንት ዓመት በአንዴ ጨመሩብኝ፤ አስረጁኝ ጋሼ» አለች። የማመልከቻውን ቀን ከእንግዲህ በእጇ ልትጽፍ ተስማማን።

የይለፍ ቃሉን አስገብታ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አሁንም እንቢ ካለኝ እሱ ነው ማለት ነው... አይደል?»

አዎ አልኳት። መዋሸት አልፈለግሁም።

መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ ተጫነችው።

ተከፈተ።

አስማረ ማሲንቆዎቿን አንዱንም አልነካም። ያጠፋችበትንም አልመለሰም። እንዲያውም ከተጣሉ በኋላ ሌላ ማሲንቆ ጨምሮበታል። ታንጉት ስክሪኑን አየችው፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፣ ከዚያ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም ሰማሁት።

«እታለም፣ ኩርፊያው አለቀ?»

«የምን ኩርፊያ? ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«እሺ፣ ሥራ።»

«ድንኳኑ መቼ ነው የሚተከለው? ቀድሜ መምጣት አለብኝ፤ ያለ እኔ ምኑን ታውቁታላችሁ።»

«ሃያ ሦስት ላይ።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»



«እታለም... ደህና ነሽ ግን?»

ብዙ ዕርቅ ላይ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ሰዓት በማስተካከል ብቻ ያለቀ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።