ሁለት ቀስት

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የሒሳብ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ ነበር፤ መምህራችን ግን የሚያስረዱን በአማርኛ ነው፣ ጨዋታም ያውቁበታል።

«ሪሌሽን ማለት ዝምድና ነው» አሉ አንድ ቀን። «ዝምድና ደግሞ ወሰን የለውም፤ አንዱ ከፈለገው ሁሉ ጋር ይዛመዳል። ፈንክሽን ግን ሥርዓት አለው። ከግራ የተነሳ ሁሉ ወደ ቀኝ አንድ ቀስት ብቻ ነው የሚልከው።»

ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣሉ። በግራው ልጆች፣ በቀኙ እናቶች ገቡ።

«ሦስት ልጆች ወደ አንዲት እናት ቢሄዱ ችግር የለም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። አንድ ልጅ ግን ሁለት እናት የለውም።»

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ እኔ ሁለት አሉኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እቴ፣ መች ቀለድኩ! እናቴ መሃል ከተማ ሱቅ ተቀጥራ ስትሠራ፣ ጡት እንደተውኩ ከከተማው ዳር፣ ቱላ ወስዳ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አፌን የፈታሁት በእሷ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ነው። እሷን «እማ»፣ እናቴን «እማዬ» እላለሁ። ከእናቴ ጋር መኖር የጀመርኩት ለትምህርት ብዬ በዚያው ዓመት ነበር፤ ማታ ማታ የቱላው ቤት በዓይኔ ይመጣብኛል።

መምህሩ ወደ ሰሌዳው አስወጡኝና በግራው ክብ ከጻፉት ስሜ ሁለት ቀስት አስነሱ። «እንግዲህ አንቺ ዝምድና እንጂ ፈንክሽን አይደለሽም። መሆን ካማረሽ አንዷን አጥፊ» ብለው ዳስተሩን ሰጡኝ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ዳስተሩን ይዤ አንዱንም አልነካሁም። ደወል ገላገለኝ።

ቅዳሜ በባጃጅ ቱላ ሄድኩ። አክስቴ ጓሮ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ክቦቹንም ቀስቶቹንም አፈሩ ላይ በእንጨት ሣልኩላትና የሆነውን ነገርኳት። አጎንብሳ አየችው።

«የማንን አጠፋሽ?»

«የማንንም።»

«የኔን ነበር ማጥፋት። የወለደችሽ እሷ ናት። ፈተና ላይ እንዳትሳሳቺ።»

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ሥዕሉን ልረግጠው እግሬን ሳነሳ ክንዴን ይዛ ሳቀች።

«ተይው፣ አሁን ፈተና አይደለም። እዚህ ሁለቱም ይሁን።»

ወደ ከተማ እስክመለስ ድረስ ማንም እንዲረግጠው አልፈቀደችም፤ ዶሮዎቹን ሳይቀር አባረረች።

አክስቴ አምና አረፈች። ከእናቴ ጋር አሁን ባህል አዳራሽ የሚባለው ሰፈር ነው የምንኖረው፤ እወዳታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ደስ የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር «እማ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይመጣና መሄጃ ያጣል። ቱላ የሚሄድ ባጃጅ ሲጣራ ዛሬም ልቤ ይነሳል። ትናፍቀኛለች።

በመምህራችን ሕግ ከሆነ፣ አሁን ፈንክሽን ሆኛለሁ፤ የቀረኝ አንድ ቀስት ነው። ዝምድና ሆኜ ብቀር ይሻለኝ ነበር።