ደሴ ላይ የሞተው ሐረግ

የወጣሁ ዕለት ደሴ፣ ሆጤ ቤታችን ደጅ ላይ የቆሙት እነዚህ ነበሩ፦ እናቴ፣ እህቴ ዘይነባ፣ ዱዓ ያደረጉልኝ ሼህ፣ ሻንጣዬን የጫነው ሹፌርና የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ሰዓዳ። ሰዓዳ አላለቀሰችም። ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ "እማ፣ ትምህርቴን ሳልጨርስ የትም አልሄድም" አለችኝ። የወጣሁትም እሷ እንደኔ አራተኛ ክፍል ላይ እንዳትቀር ብዬ ነው።

ጅዳ ኤርፖርት ፈታሹ በሶዬን አይቶ ምን ዱቄት ነው አለኝ። የሚበላ ነው አልኩት፤ አላመነም፤ ቅመሺው አለኝ። ቀመስኩ። እስክወድቅ ጠበቀ፤ ባልወድቅለት አሳለፈኝ።

ቤቷን የማጸዳላት ማዳሜ እኔን ጠርጥራ ስኳሩን ትቆልፋለች፤ እኔ ደግሞ አበባዋን ጠረጠርኩ። አጥሯ ላይ ያስሚን ሂንዲ የሚሉት ሐረግ አለ፤ ዘሩ ከህንድ አገር የመጣ ነው አሉ። አመሻሽ ላይ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፤ በማግሥቱ ሮዝ ይሆናል፤ ከዚያ ደም ይመስላል። ሰው እየቀያየረው መስሎኝ አንዱን ዘለላ በክር አሰርኩት። ክሩ እንዳለ ቀለሙ ተለወጠ። ቢስሚላህ ብዬ ሸሸሁ።

ኋላ ግን ለመድኩትና ወደ አገር በምትገባ ልጅ ቅርንጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ላክሁ። ዘይነባ ሆጤ ተከለችው፤ ብርዱ በወሩ ገደለው። ኮምቦልቻ ቢሆን ሙቀቱ ያጸድቀው ነበር ያለችኝ ራሷ ናት።

ባለፈው ሐምሌ የሰዓዳን ፎቶ ላከችልኝ። ልጄ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአጭር እጅጌ ቆማለች፤ ከኋላዋ ያ ሐረግ አለ፤ አንዱ ዘለላ ላይ ነጭም ሮዝም ቀይም። ደሴ ላይ በሐምሌ ያለ ሹራብ ማን ይቆማል?

ደወልኩ። ፎቶ ቤት ያለ ሥዕል ነው አለችኝ።

"ሥዕል ትከሻዋ ላይ አበባ ያረግፋል?"

የጅዳን ሙቀት ትጠይቀኝ ጀመር።

"እስቲ ወላሂ በይኝ፣ ዘይኑ።"

"ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ እቴ።"

ለሽንኩርት መወደድ እንኳ ወላሂ የምትል እህቴ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሰዓዳን ባልኩ ቁጥር ተኝታለች ወይ ሱቅ ሄዳለች። ትምህርቷን ትታ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታ ከሆነ አልቆጣም። የምፈራው እኔ የመጣሁበትን መንገድ እንዳትጀምረው ነው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሐረግ የሚያብብበት አጥር የምታውቁ፣ ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ ያላት ሰዓዳ የምትባል ልጅ እዚያ ግቢ ካለች ንገሩኝ። ከሄደችም፣ መቼ እንደሄደች ንገሩኝ።