ሰባት ቤት ሊቆጠር ወደ አርሲ ነገሌ

ቅዳሜ ንጋት፣ አዳማ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። የወንድሜ ልጅ ናሆም ሲፈን የምትባል ልጅ ወዷል። እኔና ፓስተር ታምሩ ሽማግሌ ሆነን ከቤተሰቧ ልንጠይቅለት ነው።

ሞጆን ስናልፍ ሹፌራችን ገመቹ፣ "ጋሼ፣ እምቢ ቢሉስ?" አለኝ።

"የብሩን የልጅ ልጅ? አፍህን በዳቦ!"

አባቴ ብሩ በልጅነቱ ተሽጦ አርሲ ነገሌ የገባ ሰው ነው። ነፃ ሲወጣ በገበያው እህል ተሸከመ፤ ቀጥሎ እህል ነገደ፤ ወፍጮ ተከለ። ወንጌል ሰበከ። በንጉሡ ዘመን ሕዝቡ መርጦ ፓርላማ ላከው። ከዚህ በላይ ምን ዋስ ይጠራል?

ረፋድ፣ መቂና ባቱ

መንገዱን የቲማቲም ሳጥን የጫኑ አይሱዙዎች ይዘውታል። ባቱ ላይ ዓሣ ጥብስ አዘዝን። ዋጋውን ሲሰማ ፓስተሩ የማዕድ ጸሎቱን አስረዘመ። ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ ግራር፣ አቧራ፣ በጆንያ የተደረደረ ከሰል።

ቀትር፣ አርሲ ነገሌ

"ባጋ ነጋን ዱፍታን!" ብለው የተቀበሉን የሲፈን አያት ጋሽ ለሚ ናቸው። በወጉ ቆመን ጥያቄያችንን አቀረብን። አስቀመጡን።

"ብሩን ማን የማያውቀው! ስብከቱን ሰምቻለሁ፤ ድምፄንም ሰጥቼዋለሁ" አሉ። ደረቴ ተነፋ። "እንግዲህ ወግ ነውና ሰባት ቤት እንቁጠር።"

"ናሆም፣ ዳንኤል፣ ብሩ፣ ጉተማ…" አልኩ።

እጃቸውን አነሱ። "በቃ። ጉተማ የኔም አያት ነው። ዘመዳሞች ነን። ዘመድ ከዘመዱ አይጋባም።"

ደሜ ፈላ። አባቴ የወላጅ አባቱን ስም አያውቅም፤ የተሸጠ ልጅ በገዛው ሰው ስም ይጠራ ነበር። ይህን እዚያ ቤት የማያውቅ የለም።

"ጋሽ ለሚ፣ ጉተማ አባቴን ገዛው እንጂ አልወለደውም።"

"ስሙን የተሸከመ የቤቱ ልጅ ነው።"

ፓስተር ታምሩ ጣልቃ ገባ። "የጉተማ መሬት ሲከፈል ታዲያ ብሩን ጠርታችሁት ነበር?" አላቸው።

ጋሽ ለሚ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቀስ ብለው፣ "እሺ፣ አልወለደውም በሉ። ታዲያ ማን ወለደው? ዘሩን ለማናውቀው ሰው ልጅ አንሰጥም" አሉ።

አየህልኝ አንባቢ! ዘመድ ነን ብንል ዘመድ አይጋባም፤ አይደለንም ብንል ዘር የለንም። ነጋዴውን አከበሩት፣ ሰባኪውን ሰሙት፣ እንደራሴውን መረጡት። ልጅ ሲጠየቁ ግን ከሦስቱ አንዱንም አላዩም፤ ያዩት በገበያ የተገዛውን ልጅ ብቻ ነው። ከጓዳ የሲፈን ልቅሶ ይሰማል። ተነስተን ወጣን።

ምሽት፣ አዳማ

ናሆም ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ሲፈን ደውላ ሁሉን ነግራዋለች። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

"አጎቴ፣ ስሙን ንገረኝ። የአያቴን እውነተኛ አባት ስም። ነገ ራሴ ሄጄ በስሙ እለምናቸዋለሁ።"

"አላውቀውም፣ ልጄ" አልኩት። "አባቴም እስኪሞት ድረስ ሰው ሲጠይቅ ነው የኖረው።"