የፌስቡክ ጠባችንን ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች

ዛሬ ከሰዓት ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በአንድ ባጃጅ ተጭነው ቤቴ ድረስ መጡ። ከማርቆስ ጋር ሊያስታርቁኝ ነው።

ማርቆስ እንደ እኔው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ እዚሁ ሶዶ አንድ ቢሮ እንጋራለን። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ምርጫ ፌስቡክ ላይ ስንከራከር ነበር። እሱ «የአላዋቂ ድፍረት» አለኝ፣ እኔ «ምሁራዊ ዝቅጠት» ብዬ መለስኩለት።

በእኛ በምሁራኑ ዘንድ ይሄ የጨዋ ክርክር ነው።

ችግሩ፣ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ማርቆስ ሳሎኔ ቁጭ ብሎ አብረን የተቀቀለ ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ በዳጣ እየበላን ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ዳና በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «ማነው ቀድሞን ያስታረቃችሁ?» አሉ።

«ጋሼ፣ አልተጣላንም እኮ። የሐሳብ ልዩነት ነው።»

«ዝቅጠት ያልከውስ?»

«እሱን ሳይሆን ሐሳቡን ነው።»

ማርቆስ አንገቱን ደፍቶ ቦይናውን መላጥ ቀጠለ። ሳቁን እየደበቀ እንደሆነ ነቅቼበታለሁ።

ከመጡ አይቀር ተቀመጡ፣ ቦይናውን ቀመሱ፣ ጸለዩልን።

ልንሸኛቸው ስንነሳ ጋሽ ዳና ስልካቸውን አወጡ። «ስትሰዳደቡ እዚህ ላይ ነው ያየኋችሁ። ልጄም ዲምቱ ከተማ ሆና አይታለች፣ ተማሪዎቻችሁም አይተዋል። አብራችሁ ስትበሉ ግን ያየ የለም። ይሄንንም እዚሁ ጻፉት።»

ይኸው ጋሼ፣ ጻፍኩት።

ማርቆስ፣ ስለ ምርጫው አሁንም ተሳስተሃል። የነገ ምሳ አንተ ቤት ነው።

እናንተስ፣ ኮሜንት ላይ ስትፋጩ ከርማችሁ አንድ ገበታ የቀረባችሁት ከማን ጋር ነው? ጻፉልኝ፤ ብቻ ረጋ ብላችሁ፣ ጋሽ ዳና ያነባሉ።